የመኪና የውስጥ ፕላስቲክና አንጸባራቂ ቀለሙ

አንጸባራቂ ቀለም የተቀባበትን ገጽ እንከን አይሸፍንም፤ ያጎላዋል። ብርሃን በሸካራ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ በየአቅጣጫው ስለሚበተን ጭረቱም ጎድጓዳውም በቀላሉ አይታይም። ገጹ ሲለሰልስና ሲያብረቀርቅ ግን ብርሃኑ እንደ መስተዋት ተሰብስቦ ስለሚመለስ፣ በአሸዋ ወረቀት ሥር የቀረች አንዲት መስመር እንኳ ከሩቅ ትለያለች። የማርሽ ዙሪያ ክፈፍን፣ የበር እጀታን ወይም የአየር ማስወጫን አውልቆ አንጸባራቂ ጥቁር ማድረግ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው በመርጨት ሳይሆን ከመርጨት በፊት ባለው ሥራ ነው።

በጅግጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች ለዚህ ሥራ በቂ ምክንያት አለ። ጅግጅጋ ከካራማራ ተራራ ማዶ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት። ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ በበጋ ወራት አቧራው ከመስኮት ገብቶ በየስንጥቁ ይተኛል፤ በደረቅ ጨርቅ በተጠረገ ቁጥር ፕላስቲኩን ይሞርደዋል። የተጎዳውን ክፍል ከድንበር ማዶ በመጣ ሌላ መተካትም ሁልጊዜ አይቻልም። ከድንበር ከተማዋ ከቶጎ ውጫሌ ማዶ፣ በሐርጌሳ መንገዶች የሚታዩት መኪኖች አብዛኞቹ መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው። ኢትዮጵያ ግን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገድ ቀኝ ስለምትነዳ የመኪኖቿ መሪ በግራ ነው። ከባለቀኝ መሪ መኪና የተፈታ ዳሽቦርድ ወይም የመሀል ክፈፍ የተገላቢጦሽ ቅርጽ ስላለው በባለግራ መሪ መኪና ላይ አይገጥምም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና አድሶ መያዝ የበለጠ ዋጋ አግኝቷል።

ሥራው የሚጀምረው የፕላስቲኩን ዓይነት በመለየት ነው። ክፍሉ ተፈትቶ ሲገለበጥ ጀርባው ላይ ትንሽ የፊደል ማኅተም ይገኛል። የጌጥ ክፈፎች ብዙውን ጊዜ ኤቢኤስ ናቸው፤ የበር ታችኛው ሽፋንና የጓንት ሳጥን ደግሞ በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን፣ በአጭሩ ፒፒ ናቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኤቢኤስ ቀለም በደንብ ይይዛል፤ ጠንካራ ቲነር ወይም አሴቶን ከነካው ግን ይቀልጣል። ፒፒ በተቃራኒው በቲነር አይበገርም፤ ቀለም ግን አይጣበቅበትም፤ በቀጥታ የተረጨበት ቀለም ሲደርቅ በጥፍር ተልጦ ይነሳል። ለእሱ የፕላስቲክ ፕራይመር የሚባለው ግልጽ ማጣበቂያ ከሁሉ በፊት በስሱ መረጨት አለበት። ማኅተሙ ከጠፋ ከጀርባው ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ ውኃ ውስጥ መጣል ይረዳል፦ ንጹሕ ፒፒ ይንሳፈፋል፣ ኤቢኤስ ይሰምጣል። ታልክ የተባለ የማዕድን ዱቄት የተጨመረበት ፒፒ ግን ሊሰምጥ ስለሚችል ይህ ፈተና ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ቀጥሎ እጥበት ነው፤ የብዙ ሰው ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ዳሽቦርድ ለማስዋብ የሚቀባው ማብረቂያ ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን አለበት። ሲሊኮን በዓይን ባይታይም ቀለሙ ከእሱ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል። ከሁሉ የከፋው ሳይታጠብ መሞረድ ነው፤ የአሸዋ ወረቀቱ ሲሊኮኑን እየገፋ ጭረቱ ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ ክፍሉ መጀመሪያ በሞቀ ውኃና በሳሙና፣ ቀጥሎ በኢሶፕሮፒል አልኮል ይጸዳል፤ ጨርቁም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ያለው ለስላሳ የጎማ ሽፋን በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ተበላሽቶ የሚያጣብቅ ከሆነ ይኸው አልኮል ይፍቀዋል።

ከፋብሪካ የቆዳ መልክ ያለው ገጽ ሲያንጸባርቅ እንዲያምር ሸካራነቱ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ለዚህ በቁጥር 180 ወይም 240 ወረቀት ተጀምሮ በ320 ይጨረሳል፤ ከዚያ ወፍራም የሚሞላ ፕራይመር ይረጭና ሲደርቅ ከውኃ ጋር በ600 እና በ800 ይሞረዳል። በጣም ጥልቅ ሸካራነት ያለበት ክፍል ይህን ዙር ሁለት ጊዜ ይፈልጋል። ጥልቅ ጭረት ካለ በፕላስቲክ ስቱኮ ይሞላል። ለብረት የሚሆነው ተራ ስቱኮ ፕላስቲኩ ሲተጣጠፍ ይሰነጠቃል።

መርጨቱ በዚህ አየር ንብረት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሙቀትና ደረቅ ነፋስ ቲነሩን በአየር ላይ ያተኑታል፤ የቀለሙ ጠብታ ገጹ ላይ ሲደርስ ግማሹ ደርቆ ስለሚሆን ተዘርግቶ አይገናኝም፤ ውጤቱም እንደ ብርቱካን ልጣጭ የጎረበጠ ገጽ ነው። በጅግጅጋ ማለዳው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነፋስ ሳይነሳ መርጨት ይሻላል። ዝቅ ብለው በሞቃቱ ሜዳ ላይ ባሉት በሽንሌና በኤረር ግን ማለዳውም ስለሚሞቅ ዘገምተኛ ቲነርና ዘገምተኛ ማድረቂያ መምረጥ ግድ ይሆናል። የተዘጋ ክፍል ከተገኘ ወለሉን ውኃ ማርከፍከፍ አቧራውን ያስቀምጠዋል። ቀለሙ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ እያንዳንዱ ምት የቀደመውን ግማሽ እየደረበ፣ በሁለት ወይም በሦስት ስስ ዙር ይረጫል። አንጸባራቂነቱን የሚሰጠው ግን የመጨረሻው ሽፋን፣ ባለሙያዎች ክሊር የሚሉት ነው። ከማድረቂያ ጋር የሚቀላቀለው ሁለት ክፍል ያለው ክሊር ከቆርቆሮ ስፕሬይ ይልቅ ጭረትንና አልኮልን ይቋቋማል።

የዚህ ክሊር ማድረቂያ አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለበት፤ ሲተነፈስ አስም ሊያስከትል ይችላል፤ አንዴ የተቆጣ ሳንባ ከዚያ በኋላ በትንሽ መጠንም ይታወካል። የወረቀት ጭምብል ተኑን አያግድም። ከውጭ ንጹሕ አየር የሚሰጥ ጭምብል ከሁሉ ይሻላል፤ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ጭምብል፣ ጓንትና ነፋሻ ቦታ ደግሞ ዝቅተኛው ግዴታ ነው። ልጆች ባሉበት ግቢ ውስጥ ይህን ክሊር መርጨት ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

ሁለት ቦታዎች ደግሞ መነካት የለባቸውም። የአየር ከረጢት ሽፋን በግጭት ጊዜ በስሱ መስመሩ እንዲቀደድ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ስቱኮና ቀለም ያንን መስመር ካጠነከሩት ሽፋኑ በትክክል ላይከፈት ወይም ስባሪው ሊወረወር ይችላል። የዳሽቦርዱ አናት ደግሞ አንጸባራቂ ከሆነ ምስሉ በፊት መስታወት ላይ እየወደቀ የሾፌሩን ዓይን ይጋርዳል። በቀትር ፀሐይ ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው ግልጥ ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ ከባድ አደጋ ነው።

ክሊሩ ቢያንስ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ያረፈበት የአቧራ ቅንጣት በ1500 እና በ2000 ወረቀት ከውኃ ጋር ይነሳል፤ በኮምፓውንድም ይወለወላል። ማዕዘኖቹ ላይ ክሊሩ ስስ ስለሆነ እጅ ቀለል ማድረግ ያስፈልጋል። ክፍሉ ከተገጠመ በኋላ አቧራው በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ እንጂ በደረቅ አይጠረግም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ማብረቂያ አይቀባም፤ ክሊሩ ገና ውስጡ እየጠነከረ ነውና።