ወደ ኋላ ስለሚመለስ ኤሌክትሪክ

ተጠግኖ በማግሥቱ የሚቃጠል መሣሪያ አለ፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ዲዮድ ነው። ዲዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ በር ይባላል፤ ነገር ግን ወዲያው አይዘጋም። ሲያሳልፍ ሳለ የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች በውስጡ ይከማቻሉና፥ ኃይሉ በድንገት ሲገለበጥ እነዚያ ተጠርገው እስኪወጡ ድረስ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ይፈሳል፤ ሰው በደጃፍ ቆሞ ሳለ መዝጊያው እንደማይገጥም ማለት ነው።

በሴኮንድ 50 ጊዜ ለሚመላለሰው ለቤት መብራት ይህ ከቁጥር አይገባም። በሴኮንድ 100,000 ጊዜ በሚከፈትና በሚዘጋ መሣሪያ ግን ትራንዚስተሩን ያግለዋል፥ ኋላም ያቃጥለዋል። 1ኤን4007 እና ዩኤፍ4007 የተባሉት ዲዮዶች ሁለቱም 1 አምፔርና 1000 ቮልት ይችላሉ፤ መልካቸውም አንድ ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ሴኮንድ ለሺህ ሚሊዮን ቢከፈል ቢበዛ በ75ቱ እጅ ይዘጋል፤ ፊተኛው ብዙ እጥፍ ይዘገያል። ቮልቱን ብቻ አንብቦ በሁለተኛው ስፍራ ፊተኛውን የገጠመ ጠጋኝ ትራንዚስተሩን ደግሞ ይገዛል።