በቀኝ ኪሴ ደርሷል፣ በግራ ኪሴ ገና ነው

ሰሞኑን ሦስት አራት ሰው በውስጥ መስመር «ለኢሜይል አይፎን ነው አንድሮይድ የሚሻለው?» እያለ ጠየቀኝ። በድምፅ ልመልስ ጀምሬ እንደሚረዝም ሲገባኝ ተውኩት፤ ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ስልክ ሻጭም ኢንጂነርም አይደለሁም። ጅቡቲ ውስጥ ከአንድ ጉምሩክ አስተላላፊ ጋር የምሠራ የሰነድ ሠራተኛ ነኝ። ቤቴ ባልባላ፣ ሃያብለ ነው። ሁለት ስልክ እይዛለሁ። በቀኝ ኪሴ ሁለት ሲም የገባበት አንድሮይድ አለ፤ አንዱ ሲም የጅቡቲ፣ አንዱ የኢትዮጵያ። በግራ ኪሴ ደግሞ እህቴ ከውጭ የላከችልኝ አይፎን።

ሁለቱም ላይ የከፈትኩት ያንኑ አንድ የጂሜይል አድራሻ ነው። ያለው ደብዳቤ አንድ፣ ሣጥኑም አንድ። የሚደርሰኝ ግን እኩል አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ማታ ከሥራ ገብቼ ሁለቱንም ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸውና ከላፕቶፔ ለራሴ ኢሜይል ላክሁ። ርዕሱ «ሙከራ 1»። ላፕቶፑን ሳልከድነው አንድሮይዱ ጮኸ። አይፎኑ ዝም። ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ፤ ዝም። እቃ አጠብኩ፤ ዝም። ልተኛ ስል ለጠዋት እንዲሆነኝ ቻርጅ ላይ ሰካሁትና ጋደም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ድምፅ ሰማሁ፤ «ሙከራ 1» መጣ። ቻርጀሩ ነው እንዴ ኢሜይል የሚያመጣው? አትሳቁ፣ ነገሩ እውነት አለው።

የፖስታ ቤቱን ነገር አስቡት። አብዛኞቻችን ያደግንበት አገር ደብዳቤ በር አያንኳኳም። ፖስታ ቤት ሄደህ ሣጥን ትከራያለህ፣ ቁጥርና ቁልፍ ይሰጥሃል፣ ከዚያ በኋላ መመላለስ የአንተ ፋንታ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ላይ «ፖ.ሣ.ቁ.» የሚለው ያው እሱ ነው። ዛሬ ብትሄድ ባዶ ይሆናል፤ ነገ ባትሄድ ደግሞ ነገ የመጣው ደብዳቤ እስክትሄድ ድረስ እዚያው ይቀመጣል። ኢሜይልም እንዲህ የሚመጣበት መንገድ አለ፤ ስልኩ በየተወሰነ ጊዜ ወደ ሰርቨሩ ሄዶ «የመጣ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ይኼ ፌች ይባላል። ሌላው መንገድ ደብዳቤው ሣጥን ውስጥ እንደገባ የፖስታ ቤቱ ሰው ራሱ ደውሎ «መጥቶልሃል» ሲልህ ነው። እሱ ፑሽ ነው።

አይፎን ላይ አብሮ የሚመጣው ሰማያዊ ፖስታ፣ ሜይል የሚባለው አፕ፣ በአይክላውድ ወይም በማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ አድራሻ ከሆነ ፑሽ ያገኛል። ጂሜይል ስታስገቡበት ግን ፌች ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጉግል ለነፃ ተጠቃሚዎቹም አክቲቭሲንክ በሚባለው የማይክሮሶፍት መንገድ ፑሽ ይፈቅድ ነበር፤ ከጃንዋሪ 30 ቀን 2013 ጀምሮ ግን አዲስ ለሚገናኝ ነፃ ተጠቃሚ ያን በር ዘጋው። የቀረው አይማፕ የሚባለው መንገድ ነው፤ በሱ የአፕል አፕ ቁልፉን ይዞ ይመላለሳል። ስንት ጊዜ ይመላለስ የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ በሜይል ሴቲንግ ውስጥ፣ አካውንት ከሚለው ሥር «ፌች ኒው ዳታ» የሚል አለ። በየ15 ደቂቃ፣ በየ30 ደቂቃ፣ በየሰዓቱ፣ በእጅ፣ ወይም አውቶማቲክ። ይኼ አውቶማቲክ የሚሉት ስሙ ያታልላል። ሁሉን እሱ ያውቅበታል ብላችሁ ትተዉታላችሁ፤ እሱ ግን ሳትከፍቱት በራሱ የሚያመጣው ስልኩ ቻርጅ ላይና ዋይፋይ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። የኔም ስልክ እዚያ ላይ ነበር።

እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወይ ዶራሌ ወደብ በር ላይ ነኝ፣ ወይ ፔካ 12 ከጭነት መኪኖች ጋር። ዋይፋይም ቻርጀርም የለም። እንግዲህ አስቡት፤ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ 90 በመቶ ገደማው በዚህች ከተማ ነው የሚያልፈው። መርከብ ሲቃረብ የመድረሻ ማሳወቂያው፣ አራይቫል ኖቲስ የሚባለው፣ የሚመጣው በኢሜይል ነው። ኮንቴነር ደግሞ በነፃ የሚቆምበት ቀን የተቆጠረ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በቀን ይታሰባል። አንድ ጊዜ አንድሮይዱን ቤት ረስቼ በአይፎኑ ብቻ ዋልኩና ጠዋት የመጣ ኖቲስ ያየሁት ማታ ቤት ገብቼ ነው። ማንን ልውቀስ? ሴቲንጉን እንዳለ የተውኩት እኔው ነኝ።

መፍትሔው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። የጂሜይልን የራሱን አፕ አይፎኑ ላይ ጫንኩ። ያ ሲሆን ጉግል ራሱ በአፕል የኖቲፊኬሽን መንገድ አድርጎ ይጠራሃል። ከ2020 ወዲህ፣ ማለትም ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ፣ ዋናው የኢሜይል አፕ እሱ እንዲሆን ማድረግም ይቻላል፤ በፊት ክልክል ነበር። በሚቀጥለው ማታ «ሙከራ 2»ን ላክሁ፤ ሁለቱም እኩል ጮኹ። ስለዚህ «አይፎን ኢሜይል ያዘገያል» ለሚሉ ሰዎች መጀመሪያ የምጠይቀው በየትኛው አፕ እንደሚያዩ ነው።

የፑሽን ጣዕም ዓለም የለመደው በብላክቤሪ ነው። በ1999 የመጀመሪያው ሲወጣ ቁመናው ፔጀር ይመስል ነበር፤ ዋናው ጉዳዩ ኢሜይሉ ሳይጠሩት መምጣቱ ነው። ኋላ በመጡት ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ስትል ስብሰባ ላይ ያለ አለቃ ሁሉ አንገቱን ወደ ጠረጴዛው ሥር ይደፋ ነበር። ያ ሁሉ የሚሠራው በኩባንያው ሰርቨሮች በኩል ስለነበር በጃንዋሪ 4 ቀን 2022 አገልግሎቱ ሲቋረጥ የቀሩት አሮጌ ብላክቤሪዎች ኪቦርዳቸው ያምራል እንጂ ለስልክነት የማይታመኑ ሆኑ።

አንድሮይድን ግን ጻድቅ አላደርገውም። ርካሽ ስልክ ላይ ባትሪ ትልቁ መሸጫ ስለሆነ አንዳንዱ አምራች ስክሪኑ ሲጠፋ አፑን ሁሉ በግድ ያስተኛዋል። ጂሜይሉም አብሮ ይተኛል። ከዚያ ስልኩን ስትከፍት አሥራ አምስቱ ኢሜይል ባንዴ ይንጫጫል። የዚህ መድኃኒቱ ባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ጂሜይልን ከገደቡ ነፃ ማውጣት ነው። ዳታ ቆጣቢውንም እዩት። ሁዋዌ የያዛችሁ ደግሞ፣ ከ2019ኙ የአሜሪካ ማዕቀብ በኋላ የወጡት ከነጉግል አይመጡም፤ ጂሜይላችሁን በስልኩ የራሱ ኢሜይል አፕ ካስገባችሁት ያው እንደ አይፎኑ ሰማያዊ ፖስታ በፌች ነው የምትኖሩት።

አሁን ወደ መላክ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው በደንብ የተዋረድኩት። የኮንቴነር ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ ነው። አራተኛው ፊደል ለዕቃ ኮንቴነር ሁልጊዜ «ዩ» ነው፤ የመጨረሻው አሃዝ ደግሞ ከፊቱ ካሉት ተሰልቶ የሚወጣ መቆጣጠሪያ ነው። አንድ ቀን በር ላይ በጠራራ ፀሐይ የኮንቴነሩን በር ፎቶ አንስቼ ከአይፎኑ ሜይል ወደ አዲስ አበባ ልልክ ስል ጠየቀኝ፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ፣ ወይስ እንዳለ? ዳታ ልቆጥብ ብዬ «ትንሽ» አልኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከአዲስ አበባ ተደወለ፤

«አንተ፣ ይኼ አምስተኛው ቦታ ላይ ያለው ሦስት ነው ስምንት?»

«ሦስት ነው መሰለኝ።»

«መሰለኝ ብዬ ነው ጉምሩክ የምገባው?»

ደግነቱ የደወለው ልጅ ብልህ ነው፤ በሦስትም በስምንትም አስልቶ መቆጣጠሪያ አሃዙ የገጠመለትን ወሰደ። ስምንት ነበር። አንድሮይዱ ላይ ያለው ጂሜይል ይህን ጥያቄ አይጠይቀኝም፤ ፎቶውን እንዳለ ነው የሚልከው። 25 ሜጋባይት ካለፈ ብቻ ወደ ድራይቭ ወስዶ በሊንክ ያደርገዋል። የአይፎኑ ጥያቄ መጥፎ ነው አልልም፣ ለቤተሰብ ፎቶ በረከት ነው። ለሰነድ ግን «እንዳለ» የሚለውን ተጫኑ፤ ከቻላችሁ ደግሞ ፎቶውን ትታችሁ በፒዲኤፍ ስካን አድርጉት።

ስለ መላክ ካነሳሁ አይቀር፣ ያቺ አይፎን ከደብዳቤው ሥር የምትለጥፋት ጽሑፍ። ስንት ማዕረግ ጠብቀህ ለክቡር ሥራ አስኪያጅ ጽፈህ፣ «ከሠላምታ ጋር» ብለህ ስምህን አስፍረህ፣ ከሥሩ «ሴንት ፍሮም ማይ አይፎን» የሚል ይወጣል። ለአንዳንዱ ማሳያ ነው፣ ሆን ብሎ የሚተዋትን አውቃለሁ። እኔ ሲግኒቸር ከሚለው ገብቼ አጥፍቻታለሁ።

ጅቡቲ ስልክ ስትገዙ ብዙ ጊዜ በፈረንሳይኛ ተስተካክሎ ነው የሚሰጣችሁ፤ ቋንቋውን ቀይሩት ወይም ቃላቱን ልመዱ። እዚህ ያለ የሥራ ባልደረባዬ «ኢንዴዚራብል ውስጥ እይ» ሲለኝ ምን አስቀየምኩት ብዬ ነበር። ለካስ አይፎኑ ስፓሙን የሚጠራበት ስም ነው። ሙቀቱም ሌላ ነው። አፕል ራሱ ስልኩ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ ባይሠራበት ይላል፤ እዚህ በሐምሌ 40 የሚያልፍ ቀን ብርቅ አይደለም። መኪና ጋቢና ላይ የረሳችሁት አይፎን «ልቀዝቅዝ» ብሎ ስክሪኑን ይዘጋል፤ ያኔ ፑሽም ፌችም የለም።

አንድ ነገር ላይ ግን አይፎኑን አመሰግነዋለሁ። ጅቡቲ ቢሮ የሚዘጋው ዓርብና ቅዳሜ ነው፣ አዲስ አበባ ቅዳሜና እሑድ። በመሃል የተቀመጠ ሰው ዕረፍት የሚባል ቀን የለውም፤ ዓርብ ከላይ፣ እሑድ ከታች ይጮሁበታል። የአይፎኑ ሜይል ቪአይፒ የሚል አለው፤ አራት አምስት ላኪ መርጬ እነሱ ብቻ እንዲጮኹ፣ ሌላው ዝም ብሎ እንዲከማች አደረግሁ። ጂሜይልም «አስፈላጊውን ብቻ» የሚል አለው፤ አስፈላጊው የቱ እንደሆነ ግን የሚወስነው እሱ ነው፣ የኔን አለቃ ደግሞ እስካሁን አላወቀውም። ስለዚህ ሰማያዊው ፖስታ አልተባረረም፤ በየ15 ደቂቃ ፌች አድርጌው የዕረፍት ቀን ዘበኛ ሆኗል።

ዕቃውን ስለሚያመላልሱት ሹፌሮቻችን ሳልነግራችሁ አልጨርስም። «ሹፌር ኢሜይል የለውም» የሚል ሰው ተሳስቷል። አንድሮይድ የያዘ ሰው ከፕሌይ ስቶር አንዲት አፕ ለማውረድ እንኳ የጉግል አካውንት ያስፈልገዋል። ያን አካውንት የሚከፍትለት የስልክ ቤት ልጅ ነው። ሣጥኑ የሹፌሩ፣ ቁልፉ ያለው መርካቶ ወይም አዳማ አንድ ሱቅ ውስጥ።

ባለፈው ወር ፔካ 12 ላይ አንድ ሹፌር፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ስልካቸው ጠመም ብሎባቸው አንዱ ረዳት «ሪሴት ላርገው» ብሎ ጠረገላቸው። ስልኩ ሲነሳ «በፊት የነበረውን የጉግል አካውንት አስገባ» ብሎ ቆመ። ከ2015 ጀምሮ አንድሮይድ ላይ ያለ የሌባ መከላከያ ነው፤ አይፎኖቹ ላይ አይክላውድ ሎክ እንደምንለው። ጋሼ የምን አካውንት እንደሆነ አያውቁም። አድራሻው ከስልኩ ካርቶን ጀርባ በእስክሪብቶ ተጽፎ ተገኘ፤ ካርቶኑን ጋቢናው ውስጥ የሻይ ቅጠል ማስቀመጫ አድርገውት ነበር። ፓስዎርዱን ለማወቅ አዳማ ያለው ሱቅ ተደወለ። ልጁ አላመነታም፤ «የራሳቸው ስልክ ቁጥር ነው» አለ።

ገባልን። ከዚያ ለማየት ያህል ኢንቦክሱን ከፈትኩላቸው። አራት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነው፣ ሁሉም ያልተነበበ፣ ሁሉም ከጉግል፤ «አዲስ መሣሪያ ገብቷል፣ አንተ ነህ?» «አካውንትህን ጠብቅ» «አንተ ነህ?»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኼ ሁሉ ጊዜ ሲጠይቀኝ ኖሯል እንዴ?» አሉ። «በል እስቲ፣ እኔ ነኝ በልልኝ።»