የጀጎል በርና የጅብ ቀዳዳ፦ ቪፒኤን የቤታችንን ማከማቻ ይጠብቃል?

ሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረችው በ1998 ዓ.ም. ነው። ቅርሷ ግን ከግንቡና ከመስጊዶቹ ያልፋል። በየጌ ጋሩ (በየሐረሪው ባህላዊ ቤት) ሣጥን ውስጥ በእጅ የተጻፈ ኪታብ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የአያት ድምፅ የተቀዳበት ካሴት አለ። በራስ ተፈሪ ቤት የሚጎበኘው የሸሪፍ ሙዚየም እንኳ አብዱላሂ ሸሪፍ በመኖሪያ ቤታቸው ከጀመሩት ስብስብ የተነሣ ነው። ዛሬ አንድ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ስካን አድርጎ ኤንኤኤስ በሚባለው ዕቃ ላይ ሊያኖረው ይችላል። ዕቃው ሃርድ ዲስኮችን የያዘ፣ ከዋይፋይ ራውተሩ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ቶሮንቶ ያለች እህት የእናቷን ፎቶ ከዚያ ሆና ታየዋለች። ሌባ ቢገባበትስ ሲባል የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ቪፒኤን ጫን፤ ምንም አይነካውም።»

ይህ እምነት ከየት እንደ መጣ አይጠፋንም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ተዘግተው ሳለ ቪፒኤን የብዙ ሰው ስልክ ላይ ገባ። ቃሉን የተማርነው የተዘጋውን የሚከፍት አፕ ብለን ነው። ያ አፕ ከስልካችን የሚወጣውን መልእክት ሸፍኖ ወደ አንድ ኩባንያ ሰርቨር ያደርሳል፤ ሥራው ይኸው ነው። እቤት የተቀመጠው ሣጥን በየት በኩል እንደሚደረስበት አይነካም፣ አይለውጥም። ነፃ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መልእክታችን ሁሉ የሚያልፈው በእሱ እጅ ነውና።

አደጋው ያለው ወደ ውስጥ በሚያስገባው በኩል ነው። የጀጎል አምስቱ ጥንታዊ በሮች በአሚሮቹ ዘመን ማታ ይቆለፉ፣ ቁልፉም አሚሩ ዘንድ ያድር ነበር። በግንቡ ሥር ግን ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሐረሮች ቀዳዳውን የተዉት ዐውቀው ነው፤ ጅቡ ገብቶ የከተማውን ጥራጊ በልቶ ይወጣል። የራውተራችን ቀዳዳ ግን ሳናውቀው ሊከፈት ይችላል። ዩፒኤንፒ የሚባለው አሠራር በርቶ ከሆነ ሣጥኑ ራውተሩን ጠይቆ ለራሱ ከውጭ መግቢያ ያስከፍታል። አንዳንዴም ቴክኒሻኑ «ከውጭ እንድታየው» ብሎ ፖርት ፎርዋርድ አድርጎት፣ ማለትም ከውጭ ወደ ሣጥኑ የሚያደርስ መግቢያ ከፍቶ፣ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔቱን ቀንና ሌሊት የሚያስሱ ፕሮግራሞች ሣጥኑን ለማግኘት ጊዜ አይፈጅባቸውም።

የደረሰውን እንይ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክ ላይቭ የተባለ ማከማቻ ያላቸው ሰዎች ጠዋት ሲነሡ የዓመታት ፋይላቸው ተጠርጎ አገኙት። ዕቃው ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሶፍትዌር ማሻሻያ አልተላከለትም ነበር፤ ኩባንያውም ከኢንተርኔት ንቀሉት ከማለት ሌላ ፈጣን መፍትሔ አልነበረውም። በጥር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ዴድቦልት የተባለ ፕሮግራም የኪውናፕ ማከማቻዎችን ፋይሎች ቆልፎ ለመክፈቻው 0.03 ቢትኮይን ጠየቀ። የኪውናፕ ምክር ፖርት ፎርዋርዲንግንና ዩፒኤንፒን አጥፉ የሚል ነበር። በእነዚህ ሰዎች ስልክ ላይ የሚከፈልበት ቪፒኤን ቢኖር ኖሮ አንድ ፋይል አያድንም ነበር።

ታዲያ ቪፒኤን አይረዳም ማለት ነው? በደንብ ይረዳል፤ ግን ሌላው ዓይነት። ዋየርጋርድ ወይም ኦፕንቪፒኤን የተባለው የቪፒኤን ፕሮግራም እዚያው ቤት፣ ራውተሩ ላይ ወይም በአንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይተከላል። ከዚያ የቶሮንቶዋ እህት ቁልፍ ይሰጣታል፤ መጀመሪያ በዚያ በር ትገባለች፣ ከዚያ ሣጥኑን ታገኛለች። ቁልፍ የሌለው ሰው የሣጥኑን የመግቢያ ገጽ እንኳ አያይም። ይህ የሚሠራው ግን ሌሎቹ ቀዳዳዎች ሁሉ ከተደፈኑ ብቻ ነው። በሩን ቆልፎ የጅቡን ቀዳዳ መተው ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ነው።

በቪፒኤኑ በር የገባ ላፕቶፕ ቫይረስ ይዞ ከሆነ ቫይረሱም አብሮ ይገባል። ስለዚህ የሣጥኑ ሶፍትዌር መታደስ፣ የይለፍ ቃሉም ጠንካራ መሆን አለበት። ሁለት ዲስክ ስላለው ቅጂ አለኝ ማለትም ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ዲስክ አንደኛው ሲበላሽ ይተካዋል እንጂ የተሰረዘውን ወይም የተቆለፈውን ፋይል አይመልስም።

ኢንተርኔት ሲቋረጥስ? በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. መስመሩ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲጠፋ ቪፒኤን ለማንም አልሠራም፤ የሚሄድበት መንገድ የለማ። እቤት ያለ ማከማቻ ግን በዋይፋዩ ውስጥ ፋይሎቹን ማሳየቱን አያቋርጥም። በቤት ውስጥ ማስቀመጥን የምደግፈው በዚህም ምክንያት ነው።

እባካችሁ ዛሬ ማታ የራውተራችሁን ገጽ ክፈቱ፤ ዩፒኤንፒን አጥፉ፣ የማታውቁትን ፖርት ዝጉ። ከዚያም የኪታቡንና የፎቶውን አንድ ቅጂ በተነቀለ ሃርድ ዲስክ አድርጋችሁ ሌላ ቤት፣ አክስታችሁ ዘንድም ቢሆን፣ አኑሩ።