ላብ ብቻውን መብት አይሆንም

በሙዚቃ ውል ጉዳይ ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ባለሙያዎች አቤቱታቸውን ከድካማቸው ይጀምራሉ። ገጣሚው ስንት ሌሊት እንዳነጋ፣ አቀናባሪው ስቱዲዮ ውስጥ እንዴት እንደከረመ፣ ድምፃዊው አልበሙን ለማስጨረስ ከማን እንደተበደረ ይነግሩኛል። «ለፍቼበታለሁና የእኔ ነው» የሚለው ክርክር ለሁላችንም ቅርብ ነው። የሰው ላብ መብላት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚጠየቅ አይመስለውም።

ሕገ መንግሥታችንም ከዚህ ስሜት አይርቅም። አንቀጽ 40 የግል ንብረት ሰው በጉልበቱ፣ በመፍጠር ችሎታው ወይም በካፒታሉ ያፈራው፣ የሚጨበጥም ሆነ የማይጨበጥ፣ ዋጋ ያለው ውጤት እንደሆነ ይደነግጋል። የዚህ ሐሳብ ሥር ወደ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ወደ ጆን ሎክ ይወስደናል። ሎክ እ.ኤ.አ. በ1689 ባሳተመው የመንግሥት ድርሳኑ ሰው የራሱ ጌታ ስለሆነ የጉልበቱም ጌታ ነው፣ ከጋራው ሀብት ወስዶ ጉልበቱን ያሳረፈበት ነገርም የእሱ ይሆናል ሲል ተከራከረ። ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ ጨመረበት፤ ለሌላው የሚበቃና ያንኑ ያህል መልካም የሆነ ነገር መትረፍ አለበት። ደንበኞቼ የሚይዙት የክርክሩን የመጀመሪያ ግማሽ ነው። ጉዳያቸው የሚወሰነው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ነው።

አንድ የዜማ ደራሲ አዲስ የወጣ ዘፈን ሰምቶ «ዜማዬን ወሰዱት» ብሎ ይመጣል እንበል። ሁለቱን ሥራዎች አቅርበን ሙያው ያለው ሰው እንዲያዳምጣቸው እናደርጋለን። ብዙ ጊዜ ሁለቱም በትዝታ ቅኝት የተሠሩ፣ በአንድ ዓይነት ምት የሚሄዱ ሆነው ይገኛሉ፤ ጆሮን ያሳሳተውም ይኸው ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ወይም አንቺ ሆዬን ማንም የእኔ ናቸው ሊል አይችልም። የደራሲው ንብረት በቅኝቱ ውስጥ እሱ ያወጣው መንገድ ነው፤ ዜማው ከየት ተነሥቶ የት ይወጣል፣ የት ይሰበራል፣ ወደ አዝማቹስ በምን ይመለሳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብንና ስልትን ለሁሉም ትቶ ወጥ የሆነውን ሥራ ብቻ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ቅኝቱን አንድ ሰው ቢይዘው፣ ነገ ክራር ለሚያነሣው ልጅ ምን ይተርፈዋል?

እንግሊዞች ይህን ሙግት ቀደም ብለው ተሟግተውታል። እ.ኤ.አ. በ1710 በሥራ ላይ የዋለው የንግሥት አን ሕግ ለአዲስ መጽሐፍ የ14 ዓመት ጥበቃ ሰጠ፤ ደራሲው በሕይወት ካለ ሌላ 14 ዓመት ይጨመርለታል። የለንደን መጽሐፍ ነጋዴዎች ግን የደራሲ ድካም ያፈራው ንብረት ማብቂያ የለውም ብለው ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1774 የጌቶች ምክር ቤት በዶናልድሰንና በቤኬት ክርክር ይህን ሐሳብ ውድቅ አደረገው። በዚህ ክርክር የላብ ሙግት ድክመቱ ታየ፤ መብቱ ከየት እንደሚጀምር ይናገራል እንጂ የት እንደሚያበቃ አይናገርም። ሎክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1690ዎቹ ስለ ኅትመት ሕግ በጻፈው ማስታወሻ ላይ መብቱ ደራሲው ከሞተ ከ50 ወይም ከ70 ዓመት በኋላ እንዲያበቃ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የእኛም አዋጅ የደራሲውን ዕድሜና ከሞተ በኋላ ያለውን 50 ዓመት ይሰጣል።

ላብ የማይመልሰው ሌላም ጥያቄ አለ። አንድ ገጣሚ ከዓመታት በፊት የዘፈን ግጥሙን በአንድ ገጽ ውል ሸጦ ነበር። ውሉ በእጅ የተጻፈ፣ ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት፣ «ሙሉ ክፍያዬን ስለተቀበልኩ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ነው። ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ግጥሙ በሌላ ሰው ስም ተጻፈ። ቢሮዬ መጥቶ ስለ ገንዘብ አንድም ነገር አላነሣም። «ልጆቼ የእኔ ግጥም መሆኑን ተጠራጠሩ» አለኝ። የድካሙን ዋጋ ተቀብሏልና በላብ ሙግት ብንሄድ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

ይህን ሰው የሚደግፈው የነካንት ፍልስፍና ነው። አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባወጣው ጽሑፍ መጽሐፍ ደራሲው ለሕዝብ የሚናገረው ንግግር እንደሆነ አስረዳ፤ ያለ ፈቃድ የሚያሳትም ሰው ውክልና ሳይኖረው በሌላው ስም ይናገራል። በእኛ አዋጅ ውስጥ ያለው የሞራል መብት ከዚህ ሐሳብ ጋር ይዛመዳል። የሥራው አመንጪ በስሙ እንዲታወቅ፣ ሥራውም ተዛብቶ ክብሩን እንዳይነካ የመጠየቅ መብት አለው፤ በሕይወት እስካለ ድረስም ይህ መብት ለሌላ አይተላለፍም። ደብዳቤ ጻፍን፣ አዋጁን ጠቀስን፣ ስሙም ታረመ።

ከላብና ከካንት ሐሳብ ቀጥሎ የመብቱ ሦስተኛ መሠረት የሕዝብ ጥቅም ነው። የፈጠራ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ብቸኛ መብት የሚያገኘው ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ለኅብረተሰቡ ስለሚያበረክት ነው። የጤፍ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ለአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት በቂ የፈጠራ እርምጃ የለበትም በማለት ፓተንቱን በኔዘርላንድስ ዋጋ አሳጣው። ትውልድ በትውልድ ጤፍ ሲዘራ፣ ሲያርም፣ ሲወቃ የኖረው ገበሬ ለዓለም በሰጠው እህል ላይ አዲስ ነገር ያልጨመረ ሰው ብቸኛ ባለመብት ሊሆን አይገባውም ነበር።

ስለዚህ ውል ሳረቅ «ሸጫለሁ» የሚል አንድ መስመር አልቀበልም። የትኛው ጥቅም እንደተላለፈ፣ ለካሴት ይሁን ለዩቲዩብ ወይም ለማስታወቂያ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ በየተራ አጽፋለሁ። የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና የአቀናባሪው ስም በሥራው ላይ የሚወጣበትን መንገድ በራሱ አንቀጽ አሰፍራለሁ። ደንበኛዬ ከሕዝብ ዜማ ወይም ከቅኝት የወሰደው ካለ የእሱ ፈጠራ ተብሎ እንዳይጻፍ እከላከላለሁ። አንዳንዶች ይህን ደንበኛን መጉዳት አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ከጋራው ማዕድ የወሰደውን የራሱ አስመስሎ ያጻፈ ሰው፣ የራሱ የሆነውን ሲነጠቅ የሚከራከርበት እውነት ያጣል ብዬ አምናለሁ።