ስለ እግር ኳስ ፍርድና ስለ ቤት ሰላም

የቀደሙት አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለው የተረቱት፣ የሰው ልብ ከጉዳቱ ብዛት ይልቅ በፍርዱ አኳኋን እንደሚያዝን ተመልክተው ነው። በቅሎ ብዙ ዋጋ ያላት ከብት ናት፤ ሆኖም በዳኛ ፊት ተከራክሮ የተረታ ሰው፣ ቅር እያለውም ቢሆን፣ እጅ ነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጭብጦ ግን የእፍኝ ዱቄት ናት፤ ነገር ግን ያለ ክርክርና ያለ ምክንያት የተወሰደችበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያነሣት ይኖራል። ዛሬ ስለ እግር ኳስ የቪዲዮ ዳኝነት ስንጽፍ ይህን ተረት ማስቀደማችን፣ የተመልካቹን ቅሬታ ከዚህ አሳጥሮ የሚገልጽ ቃል ስላላገኘን ነው።

በአዳማ ከተማ፣ እንዲሁም በስምጥ ሸለቆው መንገድ ተከታትለው በሚገኙት በሞጆ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔ፣ ቅዳሜና እሑድ ወጣቱም ጐልማሳውም የእንግሊዝን ፕሪምየር ሊግ ለማየት በዲኤስቲቪ ቤቶች ይሰበሰባል። የባጃጅ ነጂው፣ ተማሪው፣ ባለሱቁና የመንግሥት ሠራተኛው በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ጐል ሲገባ ቤቱ በጩኸት ይናወጣል፤ ወዲያው ግን የመሀል ዳኛው ጣቱን ወደ ጆሮው ሲያደርስ ሁሉም ጸጥ ይላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ያልፋል፤ በመስኮቱ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ይሰመራሉ፤ በመጨረሻም የአጥቂው የጫማ ጫፍ ወይም ትከሻው አልፎ ተገኝቷል ተብሎ ጐሉ ይሻራል። አስቀድሞ የፈነደቀው ያፍራል፤ አንገቱን የደፋው ይሥቃል። ክርክሩም በዚያ አያበቃም፤ ከአባትና ከልጅ ጋር ወደ ቤት ገብቶ በእራት ገበታ ላይ ይቀመጣል። ነገሩን በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ማንሣታችንም ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። በተለምዶ ኦፍሳይድ የሚባለው «ከጨዋታ ውጭ» ማለት፣ አንድ አጥቂ በተቃራኒው ቡድን የሜዳ ክፍል ሆኖ፣ ባልደረባው ኳሱን በሚመታባት ቅጽበት ከኳሱና ከመጨረሻው ሁለተኛ ተከላካይ አልፎ ወደ ግቡ መስመር ቀርቦ ሲገኝ፣ ከዚያም በጨዋታው ሲካፈል ነው። እጅና ክንድ አይቈጠሩም። ይህ ሕግ ከሰማይ የወረደና የማይለወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1925 ድረስ በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ተቃራኒዎች እንዲገኙ ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ዓመት ቍጥሩ ወደ ሁለት ዝቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ከተከላካዩ ጋር እኩል የቆመ አጥቂ በደለኛ እንዳይባል ተወሰነ። ሁለቱም ለውጦች የተደረጉት አጥቂው ነፃነት አግኝቶ ጐል እንዲበዛና ተመልካችም እንዲደሰት ታስቦ ነው።

የቪዲዮ ዳኝነት ወደ ጨዋታው ሕግ የገባው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በሩሲያ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋለ። የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ እ.ኤ.አ. በ2019 ተቀበለው። በ2022 በኳታር የዓለም ዋንጫ ደግሞ ከስታዲየሙ ጣሪያ ሥር 12 ካሜራዎች ተተክለው፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች አካል በ29 ነጥቦች ከፍለው፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይከታተሉ ነበር፤ በኳሱ ውስጥም በሴኮንድ 500 ጊዜ ምልክት የሚልክ መሣሪያ ተቀምጦ ነበር።

ይህ ሁሉ ጥበብ የሚደነቅ ነው፤ ልክ ግን አለው። በሴኮንድ 50 ሥዕል ብቻ በሚያነሣ ካሜራ የተቀረጸ ጨዋታ ቢኖርና አንድ ሯጭ በሴኮንድ 10 ሜትር ቢሮጥ፣ በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል ሯጩ 20 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ኳሱ ከእግር የተለየባት ቅጽበት በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ብትውል፣ ዳኛው አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። የጫማ ጫፍ አለፈ ብሎ ጐል የሚሽር መስመር እንዲህ ካለው ምርጫ ላይ ተነሥቶ የተሰመረ ሊሆን እንደሚችል ተመልካቹ በግልጽ አልተነገረውም። እርሱ የሚያየው እንደ ፀጉር የቀጠነውን መስመር ብቻ ነው።

ደግሞም መሣሪያው በትክክል ቢሠራ እንኳ የሚያዙት ሰዎች ናቸው። መስከረም 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ቶተንሃምና ሊቨርፑል ሲጫወቱ፣ የሊቨርፑሉ ሉዊስ ዲያዝ ያገባውን ጐል ረዳት ዳኛው ከጨዋታ ውጭ ነው ብሎ ሻረው። በቪዲዮው ክፍል የተቀመጠው ዳኛ ምስሉን አይቶ ጐሉ ትክክል መሆኑን ዐወቀ፤ ነገር ግን በሜዳው ላይ ጐሉ የጸደቀ መስሎት ነበርና «ምርመራው ተፈጽሟል» ብሎ ብቻ ተናገረ። ጨዋታው ቀጠለ፤ ስሕተቱ ወዲያው ቢታወቅም የሚመልሰው አልተገኘም። ሊቨርፑል 2 ለ 1 ተሸነፈ። የእንግሊዝ ዳኞች ማኅበር ስሕተቱን አምኖ የዳኞቹን ንግግር ከጥቂት ቀን በኋላ ለሕዝብ አሰማ። በዚያ ቀን መስመሩ ልክ ነበር፤ የጐደለው የሰዎቹ መደማመጥ ነበር።

መሣሪያው ሳይኖርም የባሰ ነገር ይደርሳል። ግንቦት 23 ቀን 2011 ዓ.ም. በቱኒዚያ በተደረገው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና የፍጻሜ ጨዋታ፣ የሞሮኮው ዋይዳድ ከኤስፔራንስ ጋር እኩል የሚያደርገውን ጐል ቢያገባ ተሻረበት። ተጫዋቾቹ ቪዲዮው ይታይልን ብለው ሲጠይቁ መሣሪያው እንደማይሠራ ተነገራቸው፤ እነርሱም አንጫወትም ብለው ቆሙ። ዋንጫው ለኤስፔራንስ ተሰጠ፤ ክርክሩም እስከ ዓለም አቀፉ የስፖርት ፍርድ ቤት ደረሰ።

አገራችንም ከዚህ ነገር ድርሻዋን አግኝታለች። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ቡድናችን ከኬፕ ቨርዴ ጋር ሲጫወት፣ ገና በ12ኛው ደቂቃ ዳኛው የቪዲዮውን ምስል ከተመለከተ በኋላ ተከላካያችን ያሬድ ባየህ በቀይ ካርድ ወጣ። ቡድናችንም በጐደሎ ተጫውቶ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ያን ቀን ብዙ ቤት አዘነ።

ነገር ግን በዚያው ውድድር፣ ጥር 25 ቀን፣ ሴኔጋልና ቡርኪና ፋሶ በግማሽ ፍጻሜው ሲገናኙ የመሀል ዳኛው ኢትዮጵያዊው ባምላክ ተሰማ ነበሩ። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ጊዜ ለሴኔጋል ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ፤ ሁለቱም ጊዜ በቪዲዮው ከታየ በኋላ ውሳኔያቸውን ራሳቸው ሻሩ። በሺህ በሚቈጠር ሰው ፊት አንድ ጊዜ የሰጡትን ፍርድ ማንሣት ቀላል አይደለም፤ እርሳቸው ግን ሁለት ጊዜ አደረጉት። ሴኔጋልም ያለ እነዚያ ቅጣት ምቶች በጨዋታ 3 ለ 1 አሸነፈ። ለልጆቻችን ልንነግራቸው የሚገባን ምሳሌ ይህ ይመስለናል።

እንግዲህ ተመልካቹ የሚቈጣው በምን እንደ ሆነ መረዳት ይቻላል። እውነት በመመርመሩ አይደለም፤ ምርመራው በተዘጋ ክፍል ተደርጎ፣ ምክንያቱ ሳይሰማ፣ ደስታው ስለሚነጠቅ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በኖርዌይ ተመልካቾች የቪዲዮ ዳኝነትን በመቃወም ከዓሣ የተጠበሰ ምግብ ወደ ሜዳ እየወረወሩ ጨዋታ አስቋርጠዋል። በስዊድን በዚያው ዓመት አብዛኞቹ ክለቦች አንፈልገውም በማለታቸው ሳይገባ ቀረ። በእንግሊዝ ግን ይቅር የሚለው ሐሳብ 19 ለ 1 በሆነ ድምፅ ወደቀ። ከሁሉ የሚሻለውን መንገድ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2023 የተደረገው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ነው፤ በዚያ ዳኛዋ ምስሉን ካየች በኋላ ውሳኔዋንና ምክንያቱን በድምፅ ማጉያ ለስታዲየሙ ሁሉ ትናገር ነበር።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ይከራከሩ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ በዙፋን ችሎትም የሚፈርዱት ከታናሹ ጀምረው በየተራ ሐሳባቸውን በግልጽ ይናገሩ ነበር። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድም በገዳ ሥርዓት ሽማግሌዎች በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚያዩት ሕዝብ እየሰማ ነው። የተረታው ሰው ፍርዱን ችሎ የሚቀበለው ምክንያቱን በጆሮው ስለ ሰማ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ እንመለስ። የአገራችን ፕሪምየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ጨዋታዎች ሲደረጉ፣ በ2016 ዓ.ም. ውድድርም ጭምር፣ ፍርዱ በዳኞች ዓይንና በፊሽካ ብቻ ነበር። በየቀበሌው አቧራማ ሜዳ የሚያጫውተው ወጣት ዳኛማ ባንዲራ የሚይዝለት ረዳት እንኳ ላያገኝ ይችላል። ማታ በመስኮት 12 ካሜራ ያየ ሰው በማግስቱ ይህን ወጣት በሁለት ዓይኑ ስላልደረሰበት ነገር ሲሰድበው መስማት ያሳዝናል። ዛሬ የተሰደበው ወጣት ነገ ፊሽካውን ቢጥል፣ የሰፈሩ ልጆች ያለ ዳኛ ይቀራሉ።

ስለዚህ ወላጆችን የምንመክረው ይህን ነው። ከልጆቻችሁ ጋር ጨዋታ ስታዩ ሕጉን አስቀድማችሁ አስረዷቸው፤ ጐል ሲሻር ከመሳደብ በፊት «ለምን ተሻረ?» ብላችሁ አብራችሁ መርምሩ። የቤቱን የእህል ገንዘብ በውርርድ ያስያዘ ሰው የጫማ ጫፍ በለየችው ጐል የልጆቹን እራት ያጣልና፣ ከዚህ ተጠበቁ። ከዚህም ይልቅ እያንዳንዱ አባትና እናት በቤቱ ዳኛ መሆኑን አይርሳ። ልጅ ሲቀጣ ምክንያቱ ይነገረው፤ ቃሉም ይሰማ፤ ወላጅ የተሳሳተ እንደ ሆነም ፍርዱን ማንሣት አይፈር። ምክንያቱን ሰምቶ የተቀጣ ልጅ እንደ በቅሎዋ ባለቤት ፍርዱን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ሳይሰማ የተቀጣ ግን ያችን ጭብጦ እስኪያድግ ድረስ በልቡ ይዟት ይኖራል።