«አልሠራም አለ» ማለት ብቻ አያስጠግንም

የሒሳብ መዝገቡንና የዕቃ ቆጠራውን የፈቃድ ክፍያ በማይጠየቅበት ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚሠራ ነጋዴ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ አንድ ቀን የተሳሳተ ድምር ቢያወጣ ወይም ፋይል አልከፍትም ቢል ኪሳራው የነጋዴው ነው። ሶፍትዌሩ የሚለቀቀው ያለ ዋስትና በመሆኑ ካሳ የሚጠየቅ ሻጭ የለም። ጥገናው የሚጀምረው ተጠቃሚው እንከኑን ሲያስታውቅ ነው።

ለዚህ አሠራር በር ከከፈቱት አንዱ የሞዚላ ፕሮጀክት ነው። ኔትስኬፕ እ.ኤ.አ. በ1998 የብራውዘሩን ኮድ ለሕዝብ ሲለቅ፣ ቡግዚላ የተባለው የእንከን መዝገብም በዚያው ዓመት ለማንም ክፍት ሆነ። እያንዳንዱ አቤቱታ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማን እንደያዘውና የት እንደደረሰም ይታያል። ሊብሬኦፊስም ዛሬ የሚሠራው በዚሁ መዝገብ ነው።

ችግሩ መዝገቡ የባለሙያ ቋንቋ የሚበዛበት መሆኑ ነው። ተራው ተጠቃሚ ቅጹን ሲያይ ይሸሻል፤ ወይም «አልሠራም አለ» ብሎ ያልፋል። ፕሮግራመሩ ደግሞ ያላየውን እንከን አይጠግንም። ፑቲ የተባለውን ፕሮግራም የጻፈው ሳይመን ታተም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ የሪፖርት ዓላማ ፕሮግራመሩ ብልሽቱን በዓይኑ እንዲያይ ማስቻል ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት የተለያዩ ዘዴዎች ተበጅተዋል። በኡቡንቱ አፖርት የተባለው መሣሪያ ፕሮግራም ሲወድቅ መረጃውን ራሱ ይሰበስባል። በሊብሬኦፊስ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች አዲስ የመጣውን አቤቱታ በራሳቸው ኮምፒዩተር ሞክረው ያረጋግጣሉ።

ምን ይጻፍ?

ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ በቅደም ተከተል ምን አደረጉ? ምን ጠበቁ? ምን አገኙ? በዚህ ላይ የፕሮግራሙን የዕትም ቁጥር መጨመር ነው። ለአንድ እንከን አንድ ሪፖርት ይበቃል፤ አስቀድሞ ሌላ ሰው አመልክቶ እንደሆነም መፈለግ ያሻል። መዝገቡ ለዓለም የተገለጠ ስለሆነ የደንበኛ ስምና የባንክ ሒሳብ ያለበት ፋይል ፈጽሞ አይያያዝም። ለሌባ በር የሚከፍት የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ደግሞ በአደባባይ ሳይሆን ለፕሮጀክቱ የደኅንነት ክፍል በምስጢር ይነገራል።

ትንሽ የሚመስል ነገር አይናቅ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሰርቨር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ሲመረምር፣ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ።

ለእኛ ገበያ ምን ይጠቅማል?

የግዕዝ ፊደል በስክሪን ላይ ሲዛባ አማርኛ የማያነብ ፕሮግራመር አያውቀውም። የሚያውቀው ተጠቃሚው ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ሠራተኛ መድቦ፣ የባልደረቦቹን ቅሬታ እንዲሰበስብና እንዲያስመዘግብ ቢያደርግ ወጪው ትንሽ ነው።

ሶፍትዌር ለመምረጥ የሚያስብም መዝገቡን አስቀድሞ ይመልከት። የአቤቱታ ብዛት ብቻውን የመጥፎ ዕቃ ምልክት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ብዙ ይወቀሳልና። መታየት ያለበት ለአቤቱታው መልስ የሚሰጥ ሰው መኖሩና መልሱ የሚወስደው ጊዜ ነው። ዓመት ሙሉ መልስ በማይሰጥበት ፕሮግራም ላይ ሒሳብን ማስቀመጥ ጠባቂ በሌለው መጋዘን ዕቃ እንደማከማቸት ነው።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በክፍት ምንጭ ገበያም ያልተነገረ እንከን ሐኪም የለውም።