የቤት ቁጥር የሌለው ሰው በማን በጀት ይያዛል?

የመንዝ ጓሳ ሣር፣ ቄሮ በሚባል የጋራ መሬት አስተዳደር ሥርዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር። መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት በተጠቃሚዎቹ የተመረጡ አለቆች ሲሆኑ፣ ተጠቃሚዎቹ ደግሞ ከአቅኚ አባቶቹ ከአስቦና ከጌራ ዘር የሚቆጥሩ ነበሩ። ሥርዓቱ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ዘልቋል። የጸናበት ዋናው ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ባለመብቱ መታወቁ ነው። ዘር የማይቆጥረው ግን ከውጭ ይቀር ነበር።

ከተማም እንዲሁ ያደርጋል፤ የእሱ መለያ የቤት ቁጥር ነው። የነዋሪነት መታወቂያ ከቤት ጋር ስለሚያያዝ፣ ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ከተረጂዎች ዝርዝር በቀላሉ ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአዲስ አበባ፣ በደሴና በሌሎች 9 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት (300 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮን ከመንግሥት) ይህን አውቆ ለጎዳና ነዋሪዎች የተለየ መስመር አበጀ፦ ጊዜያዊ መጠለያ፣ ምክር፣ የሙያ ሥልጠና፣ ከቤተሰብ ማገናኘት።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጭንቀቴ ከሥልጠናው በኋላ ባሉት ወራት ላይ ነው። አገልግሎት ሰጪ ድርጅት በተቀበለው ሰው ብዛት ብቻ ከተከፈለው፣ ያው ሰው ተመልሶ ጎዳና ሲወጣ ሁለተኛ ጊዜ ይቆጠራል፤ ሪፖርቱም ያምራል! ስለዚህ ከክፍያው ከፊሉ ሰውየው ከወራት በኋላም ቤት ውስጥ መኖሩ ሲረጋገጥ ይለቀቅ። የመጀመሪያዎቹ ወራት የቤት ኪራይም ራሱን የቻለ የበጀት መደብ ይኑረው። ጤና፣ ፖሊስና ማኅበራዊ ጉዳይም አንድ መዝገብ ይጠቀሙ፤ ሦስት ቦታ የተመዘገበን ሰው የእኔ ነው የሚል ቢሮ አይገኝም።